«አንተ ብሎንህን አጥብቅ»

ሲያትል ውስጥ ሐበሻ ሜካኒክ ጋ የሚመጣው መኪና በአብዛኛው ፕሪየስና ካምሪ ነው። ታክሲና ኡበር የሚሠሩ ወገኖቻችን ናቸው የሚያኖሩን። የእኔም ጋራዥ ከዚህ የተለየ አይደለም። ራሊ (በጫካና በአቧራ መንገድ በሰዓት የሚደረግ የመኪና ውድድር) ውስጥ ያስገባኝ አንድ ፈረንጅ ደንበኛዬ ነው። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ገዝቶ «ለውድድር ልሠራት ነው፣ አብረኸኝ ትሆናለህ?» አለኝ። እሱ ይነዳል፤ እህቱ ናቪጌተር ናት፤ አጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን ከደብተር ታነብለታለች። ደሞዝ የለም። ቤንዚን፣ ምግብና ማደሪያ በእሱ ነው። እሺ አልኩ።

መኪናዋ ባዶዋን እስክትቀር ተፈታች። ምንጣፍ የለ፣ የኋላ ወንበር የለ። የቆርቆሮው መጋጠሚያ ሁሉ ተበየደ፤ ውስጧ የብረት ኬጅ ገባላት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ነጭ ቀለም ተቀባች። ባትሪው ክብደት ለማመጣጠን ከኮፈን ሥር ወጥቶ ወደ ኋላ ሄደ። አሞርቲዛቶሩ፣ ፍሬኑና ከሥር ያለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነበር። ሽቦውንና ኮምፒውተሩን ግን ሌላ ሰው ነው የዘረጋው፤ ስም ያለው፣ በሰዓት የሚከፈለው ባለሙያ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። ሽቦዎቹ ተሰድረው ሲታዩ ያምራሉ።

የመጀመሪያ ውድድራችን ሼልተን ላይ የሚካሄደው ኦሊምፐስ ራሊ ነበር። ሼልተን ከሲያትል ደቡብ ምዕራብ ያለች የእንጨት ሠራተኞች ከተማ ናት። ኦሊምፐስ ድሮ የዓለም ሻምፒዮና አካል ነበር። በ1986 ማርኩ አለን እዚያ በላንቺያ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ከ11 ቀን በኋላ የሳንሬሞ ራሊ ውጤት ሲሰረዝ ዋንጫው ለዩሃ ካንኩነን ተሰጠ። ደንበኛዬ ይህን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። በዚያ ጫካ ውስጥ መንዳት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ የሆነው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠዋት መኪናዋ ደህና ሄደች። ቆይታ ግን መሀል ጫካ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ዋናውን ማጥፊያ ዘግተው ሲከፍቱት ተነሣ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቀጥ። ሰርቪስ (በውድድሩ መሀል መኪና የሚጠገንበት ቦታ) ሲደርሱ ብዙ ደቂቃ ከስረዋል።

ሰርቪስ ላይ ጊዜ የለም። የተሰጠህ ደቂቃ ካለቀ ቅጣቱ ይቆጠራል። ባለሙያው ላፕቶፑን ሰካና «የክራንክ ሰንሰር ሲግናል ይጠፋል፤ ሰንሰሩ ነው» አለ። የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ማለቱ ነው። አዲስ ሰንሰር ተገጠመ። እኔ በዚያ መሀል ጎማ እየቀየርኩ የናቪጌተሯን ደብተር አየሁ። ሞተሩ የጠፋበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ክብ አድርጋበታለች። ክቦቹ እንዲሁ የተበተኑ አልነበሩም። ሁሉም ረጅም ዳገት አልቆ ጠባብ ኩርባ የሚጀምርበት ላይ ናቸው። ሞተሩ ግሏል፣ መኪናዋ ቀስ ብላለች። ያኔ ምን ይነሣል? የራዲያተሩ ፋን።

ፋን ሲነሣ ብዙ ከረንት ይስባል። ያ ከረንት በቦዲው አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ባትሪው ደግሞ ኋላ ነው፤ ማሳው፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ፣ የታሰረው አዲስ በተቀባ ቦዲ ላይ። ቀለም ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ሽሮ ሜዳ ጋራዥ ውስጥ በላዳ ታክሲ ሥራ የለመደ ሰው ይህን ለማሰብ ላፕቶፕ አያስፈልገውም።

«ማሳው ይታይ» አልኩ።

ባለሙያው ቀና ብሎ አላየኝም። «ለክቼዋለሁ፣ ዜሮ ነው» አለ።

«በኦም ነው የለካኸው?»

«አዎ።»

«በኦም አይታወቅም። ፋኑን፣ መብራቱንና የቤንዚን ፖምፓውን አብራና በቮልት ለካው። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ።»

አሁን ቀና አለ። «ወዳጄ፣ አንተ ብሎንህን አጥብቅ። ኤሌክትሪኩን ለእኔ ተው።»

በጩኸት አልተናገረውም። ፈገግ ብሎ ነው ያለው፤ እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ። የሚረዳኝ ልጅ ክሪኩን እንደያዘ አየኝና በአማርኛ «ጋሼ፣ ዝም ሊሉት ነው?» አለኝ። ደንበኛዬን አየሁት። ሰዓቱን እያየ ነው። ብዙ ገንዘብ የከፈለው ለላፕቶፑ ሰው ነው፤ የቱን እንደሚያምን ቢጨንቀው አይገርምም። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን በሰርቪስ መሀል ሁለት ሰው አንድ ገመድ ላይ ቢጣላ መኪናዋ አትወጣም። ጎማዬን አጥብቄ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር የሰውየው አባባል ጭፍን አልነበረም። ላፕቶፑ ላይ ያየው ነገር በትክክል ነበር፤ ሲግናሉ ይጠፋል። የሚያጠፋው ግን ሰንሰሩ አይደለም። ማሳ ሲላላ ሰንሰሩም ኮምፒውተሩም የሚያነቡት ሁሉ ይዛባል። የኦም መለኪያ የምትልከው ከረንት ደግሞ ኢምንት ነው። ጠብታ የሚያሳልፍ ቧንቧ ባልዲ ሙሉ ውሃ ያሳልፋል ማለት አይደለም። ማሳ የሚፈተነው ሲጫን ነው። ይህን የትኛውም የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ያውቃል።

በሚቀጥለው ስቴጅ (በሰዓት የሚለካ የውድድሩ ክፍል) መኪናዋ ከነጭራሹ ቆመች። «ደህና ነን» የሚለውን ምልክት አውጥተው፣ ትሪያንግሉን አስቀምጠው ሌሎቹ ሲያልፏቸው ቆመው አዩ። ተጎትተው ሲመጡ መሽቶ ነበር። ባለሙያው ሌላ ሰንሰር ሊያዝ ስልክ ላይ ነው። ደንበኛዬ ወደ እኔ መጣና «ያልከውን አሳየኝ» አለ።

ተጎታቹ ላይ ወጥቼ ሁሉን አበራሁና ለካሁ። ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ከ2 በላይ አነበበ። የሚረዳኝ ልጅ ብሎኑን ፈታው። የገመዱ ጫፍ ቀለበት ሥር ነጭ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ብረቱን የሚነካው በባለ ጥርሷ ሮንዴላ የተጫረች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ናት። እሷም ከግለት የተነሳ ጠቁራለች። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቅነው፤ ወፍራም ገመድ ቀየርን፤ ከሞተሩ ወደ ቦዲው ሌላ ማሳ ጨመርን። ደግመን ስንለካ 0.1 አልሞላም። ደንበኛዬ መለኪያውን ለረጅም ጊዜ አየው። ምንም አላለም፤ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ውስጥ አንድ ደንብ ወጣ። ማንም ይናገር ማን፣ በሰዓት የሚከፈለውም ነፃ የሚሠራውም፣ በቁጥር ይነጋገራል። ግምት ካለህ ለካና አሳይ። ኦሪገን ትሬይል በሚባለው ራሊ ላይ፣ በዱፈር ከተማ የስንዴ እርሻዎች መሀል አቧራው ፊት አላሳይ እያለ መኪናዋ ሳትጠፋ ጨረሰች። ፍጥነቷ ብዙ የሚወራለት አልነበረም። ግን አዲስ መኪና መጨረሻው መስመር ላይ በራሷ ጎማ ስትደርስ የሠራት ሰው የሚሰማውን ያየ ያውቀዋል። እኔ አለቀስኩ።

አይዳሆ ራሊ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ናቪጌተሯ ሰርቪስ ገብታ ኸልሜቷን ሳታወልቅ «የቀኝ የፊት ጎማ ያጉረመርማል» አለችኝ። አነሣሁት፣ ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አይልም። እጄን ስፕሪንጉ ላይ አድርጌ አሽከረከርኩት፤ ለስላሳ ነው። ደንቡ በቁጥር ተነጋገሩ ይላል፤ ቁጥሩ ደህና ነው እያለ ነው። ግን ይህች ልጅ ሼልተን ላይ ክብ የሣለችው ናት። ኩሽኔታው ከነቋቱ ይቀየር አልኩ። ለእሱ የሚበቃ ደቂቃ መኖሩን የሚጠይቅ አልነበረም። ፈተን ስናየው አሮጌው ውስጥ አንዱ ኳስ ተልጦ ነበር። ሌላ ስቴጅ ቢሄድ ጎማው ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ ደንቡን አሁንም እንጠቀምበታለን፤ ለእሷ ግን አይሠራም።

ወቅቱ ካለቀ በኋላ ያ ባለሙያ ደወለልኝ። የሌላ ሰው አዲስ መኪና ይዟል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። «ያኔ ሲጫን ስንት ነበር ያነበብከው?» አለኝ። ነገርኩት። የትኛውን ጫፍ የት እንደሚያደርግ ደግሜ አስረዳሁት፤ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውንም እንዳይረሳ ጨመርኩለት። መኪናው የሌላ ቡድን ነው፤ ሾፌሩ ምንም አላደረገኝም። ሰውየው አመሰገነኝ። የሼልተኑን ግን አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም። ይቅርታ ቢል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።