የብሽሽት ፍላፕን ስስ አድርጎ ማንሳት፦ የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ማስታወሻ

ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ያነሣሁት የብሽሽት ፍላፕ (ደም ሥሩን እንደያዘ ከብሽሽት ተነሥቶ ቁስል የሚሸፍን ቆዳና ስብ) ሳይሞት ድኗል፤ እኔም በዚያ ረክቼ ነበር። ታካሚው፣ የእጁ ጀርባ በማሽን የተገፈፈበት እንጨት ሠራተኛ፣ ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጣ ግን «ዶክተር፣ ዳቦ የተለጠፈብኝ ይመስላል፤ እጄ ኪሴ አይገባም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ጅማት ስስ ሽፋኑን ካጣ ወይም አጥንት ከተራቆተ ግራፍት (የራሱ ደም ሥር ሳይኖረው የሚለጠፍ ቆዳ) አይዝለትም፤ ስለዚህ የራሱን ደም ይዞ የሚመጣ ቆዳ ያስፈልጋል። ማክግሬገርና ጃክሰን በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የብሽሽት ፍላፕ ማይክሮስኮፕ ስለማይጠይቅ ለእኛ የመጀመሪያው ትምህርት እርሱ ነው። ደሙን የሚያገኘው ከኢንጉይናል ሊጋመንት (በብሽሽት ከሚያልፈው ጅማት) በታች ተነሥቶ ወደ ዳሌ አጥንት ጫፍ ከሚሄደው ሱፐርፊሻል ሰርከምፍሌክስ ኢሊያክ ደም ቅዳ ነው።

ስህተቴ ፍላፑን ከዳር እስከ ዳር የጡንቻውን ሽፋን ተከትዬ ማንሳቴ ነበር። እጁን የሚያለብሰው የውጪው ጫፍ እንዲህ ጥልቅ መሆን አያስፈልገውም። በዚህ ዓመት ሲኒየር ሐኪማችን ቆዳውን በመንጠቆ ወደ ላይ ወጥረው ያሳዩኝን አልረሳውም፦ የላይኛው ስብ እንደ ምስር ደቃቅና ጥብቅ፣ የታችኛው እንደ ባቄላ ትልልቅና ልል ሲሆን፣ በመካከላቸው ነጣ ያለች ስስ ፋሺያ (ሽፋን) አለች። መንገዱ በእርሷ ላይ ነው። ከዳሌ ወደ ጉልበት ወደሚወርደው ሳርቶሪየስ ጡንቻ የውጪ ጠርዝ ሲደረስ ግን ጠለቅ ብሎ የጡንቻውን ፋሺያ ከፍላፑ ጋር ማንሳት ይገባል፤ አለዚያ ደም ቅዳው ይቆረጣል። በዚያው አካባቢ የሚያልፈው የጭን ስሜት ነርቭም ጥንቃቄ ይሻል።

ይህንን የሞከርኩት የእጁ አንጓ በኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ጅማቶቹ በተራቆቱ ወጣት ላይ ነው። የክንድ ራዲያል ፍላፕ ስስ ቢሆንም፣ አንድ ዋና ደም ቅዳ ስለሚወስድና በእንዲህ ዓይነት ቃጠሎ ደም ቅዳዎቹ ራሳቸው ተጎድተው ሊሆን ስለሚችል ተውነው። የቁስሉን ልክ በጓንት ወረቀት ቆርጬ ብሽሽቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ ፍላፑን ካነሣሁ በኋላ እጁን ከእርሱ ጋር ሰፍቼ፣ ፍላፑን ከብሽሽቱ ጋር የሚያገናኘውን ግንድ እንደ ቱቦ ሰፋሁት። በማግስቱ የፍላፑ ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጠቆረ፤ ስጫነው ቀለሙ ፈጥኖ ስለሚመለስ ችግሩ የደም መግባት ሳይሆን በደም መልስ በኩል በደንብ አለመውጣቱ እንደሆነ ተረዳሁ። ፋሺያዋን ካለፍኩ በኋላ ጫፉን በመቀስ ደግሜ ማሳሳቴ ነው ያመጣው። ሁለት ስፌት ፈታሁ፤ ቀሪው በቁስል እሽግ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ስስነትን የማገኘው ከማነሣበት ንጣፍ ብቻ ነው፤ መቀሱን ለሁለተኛ ዙር ቀዶ ሕክምና አቆየዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ግንዱን በጎማ አስረን የፍላፑ ቀለም እንደማይለወጥ ካረጋገጥን በኋላ ቆረጥነው። ጣቶቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀሱ ብዙ ጠቅሞታል፤ ትከሻው ግን ደርቆ ስለነበር ፊዚዮቴራፒው ረዘመ።

ኮሺማና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ ከዚሁ ስፍራ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ እየታየ ሌላ ቦታ የሚሰፋው ነጻ ፍላፕ እጅን ከብሽሽት ጋር ከማሰር ያድናል፤ ቧንቧው ቀጭን፣ የደም ሥር ግንዱም አጭር በመሆኑ ግን ለጀማሪ አይራራም። እኔ ገና በዶሮ ጭን ቧንቧ ላይ በ10-0 (እጅግ ቀጭን) ክር እየተለማመድኩ ነው፤ ትናንት ከሰፋኋቸው ሦስቱ አንዱ ብቻ ሳያፈስ ውሃ አሳልፏል።