ከጅቡቲ መስመር የወጣሁት እንዴት ነው

ከጅቡቲ ተመልሼ ቤት ስገባ በሩን የከፈተችልኝ የአምስት ዓመቷ ልጄ ናት። "እማዬ፣ አባዬ መጣ!" ብላ ጮኸች። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን "መቼ ነው የሚሄደው?" ብላ ጠየቀች።

ስምንት ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ቤታችን አዳማ ነው። መስመሩን ለማታውቁ፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን አልፎ ጋላፊ ኬላ፣ ከዚያ ወደብ ነው። ከአዲስ አበባ ሲቆጠር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰው የሚገድለው ግን መንገዱ ሳይሆን ወረፋው ነው። ጭነት እስኪገኝ፣ ሰነድ እስኪያልቅ፣ አንድ ምልልስ ሳምንት ይበላል፤ አንዳንዴም ሁለት። አበሉ ጥሩ ነው። የቤት ኪራዩም የትምህርት ቤት ክፍያውም ከእሱ ነበር የሚወጣው። "ለልጆቼ ብዬ ነው" እል ነበር። ውሸት አልነበረም።

ችግሩ ቤት የማድርባቸው ሁለት ቀናት ነበሩ። አንዱን እተኛለሁ። ሌላውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉን አስቆማለሁ። ደብተር አምጡ፣ ቴሌቪዥን ዝጉ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ያቆመችውን ሥርዓት በአንድ ማታ አፍርሼ እሄዳለሁ። ብስኩትና የዱቄት ወተት ስላመጣሁ የተካካስን ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቀየርኩት ትንሽ ነገር ነው። የከተሞቹን ስም በቅደም ተከተል ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ማታ ልጆቹ ሳይተኙ፣ ኔትወርክ ያለበት ቆሜ እደውላለሁ። "የት ደረስክ?" ትለኛለች ትንሿ። ያለሁበትን ስነግራት እዚያ ላይ ምልክት ታደርጋለች። መጀመሪያ ያነበበችው ቃል "ሎግያ" ነው ብል ማን ያምነኛል? ቤት ስገባ ደግሞ ትእዛዝ መስጠት ተውኩ። ባለቤቴን "ነገ ምን አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያለችኝን እሠራለሁ። የልጅቷን ፀጉር እንዳሠራ ተልኬ አርፍጄ ስመለስ የሳቁብኝ ሳቅ!

አምና ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ኮንቴነር ማመላለስ ጀመርኩ። አብዛኛውን ማታ ቤቴ ነኝ። ገቢያችን ግን በሲሶ ወረደ። ባለቤቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። ወንዱን ልጅ ከግል አውጥተን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባነው። ወር መጨረሻ ላይ የሚቆጨኝ ጊዜ አለ፤ አልዋሽም።

ያልጠበቅሁት የወንዱን ነው። 12 ዓመቱ ነው። ለካ እኔ በሌለሁበት አባወራው እሱ ነበር። እናቱን ገበያ የሚያደርስ፣ ማታ የግቢውን በር የሚቆልፍ እሱ። ማታ ማታ መግባት ስጀምር ቁልፉን ተቀበልኩት። አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። ምን እንዳስከፋው የነገረችኝ እናቱ ናት። ቁልፉን መለስኩለት። አሁንም በሩን የሚቆልፈው እሱ ነው። ሳመሽ አንኳኳለሁ።