በሩን ቀርቅሬ ያነበብኩት ዳዊት

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ዳዊቱን ይዞ ወደ ውስጡ ለመመልከት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ያኔ አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ምን ነበረበት እላለሁ።

አጀማመሬ ቀላል ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ነሐሴ 1 ጾሙን ያዝኩ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30 እያልኩ እንደ ሥርዓቱ ደገምኩ። ያነበብኩትን ሁሉ በነፍሴ ላይ ተረጎምኩት። ግብፅ የለመድኩት ባርነት፣ ፈርዖን ቁጣዬ። የባቢሎን ሕፃናት ከዓለት ጋር ይፈጥፈጡ የሚለው መዝሙር 136 ድሮ ያስደነግጠኝ ነበር። ከጥንት የእስክንድርያ መምህራን ጀምሮ ግን ሕፃናቱ ገና የተፀነሰ ክፉ ሐሳብ፣ ዓለቱ ክርስቶስ ነው ተብሎ ተተርጉሟል። ሐሳቡን ሳያድግ ያዘው ማለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል።

የተበላሸው በስድስተኛው ቀን ነው።

ሐሳቤ አልሰበሰብ ሲለኝ አንድ መምህር አማክሬ ነበር። «በርህን ዝጋ፣ የሚጠራህን አትስማ» ብለውኝ ሄዱ። ከማን ጋር ትኖራለህ ብለው አልጠየቁኝም። አሁንም ያናድደኛል። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

እናቴ ስኳር አለባት። ለካ እሷም ሳትነግረኝ መድኃኒቷን ወስዳ እየጾመች ነበር። የደሴው ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ከግድግዳው ማዶ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የውሃ መጠጫ ጣሳዋ ነው፤ አውቄዋለሁ። «ፈርዖን ሊመልሰኝ መጣ» አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ መድገሜን ቀጠልኩ። ኳኳታው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ሙስሊሟ ጎረቤታችን ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት፣ ውዱ ልታደርግ (ልትታጠብ) ወጥታ ኖሮ ሰምታ ደረሰች። ስኳሯ ወርዶ ነበርና ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት። በሬን በቡጢ ስትመታው ነው የወጣሁት። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ ተርፋለች።

«ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህን ዝጋ» የሚለውን የማቴዎስ 6 ቃል አበው እልፍኙ ልብ ነው ይሉታል። እኔ ግን በሩን በቁሙ ወስጄ ቀረቀርኩ፣ የእናቴን ኳኳታ ደግሞ በምሥጢር ተረጎምኩ። አገለባበጥኩት። አንድምታችን፣ የአበው የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ «አንድም» እያለ ትርጓሜ ሲጨምር የፊተኛውን አይሰርዝም። ጣሳ ሲንኳኳ መጀመሪያ ትርጉሙ ሰው ተጠምቷል ነው።

ዳዊቱን በሳምንት ካልጨረስክ አይቆጠርም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ለጀማሪ አንድ መዝሙር ለሦስት ቀን ይበቃል። በር አትቀርቅሩ። ሱባኤ መያዛችሁን ለቤት ሰው ንገሩ፣ የታመመ ካለም ቤተ ክርስቲያን ከጾም እንደምትፈታው አስረዱት።

አሁን የእናቴን ቁርስ አቀርባለሁ፣ ከዚያ ዳዊቴን እዘረጋለሁ። በሩ ክፍት ነው። «ጮክ በል፣ እኔም ልስማ» ትለኛለች ከአልጋዋ።