ከፈረሱ እግር ሥር

ያ የምታውቁት ድብርት ዛሬም ከሰዓት በኋላ መጣ። ዝናብ፣ የራሰ ካልሲ፣ በር ሥር የተወረወረ ጫማ። ጫማውን ሳየው የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤድጋር ደጋ ሥዕል ትዝ አለኝ፤ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ሙዚየም ያለው፣ ደናሿን ኢውጄኒ ፊዮክርን «ላ ሱርስ» በተባለው ባሌት ያሳየበት።

ቁመቱ 1.3 ሜትር፣ ወርዱ 1.45 ገደማ ነው። ዓይን መጀመሪያ ሰማያዊ ቀሚሷ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ውሃ የሚጠጣው ፈረስ ላይ። እግር አልተነሳም፣ ክንድ አልተዘረጋም። ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች። አንዷ አጃቢ ባለ ክር መሣሪያ ትጫወትላታለች፤ እሷ የምትሰማ አትመስልም። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አይቶ «የካውካሰስ ልዕልት» ብሎ ያልፋል። ወደ ታች አላየማ! በፈረሱ እግሮች መካከል የወለቁ ሮዝ የባሌት ጫማዎች አሉ።

ልምምዱ ቆሟል ማለት ነው። ባሌቱ እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ ኦፔራ ሲታይ እውነተኛ ፈረስና እውነተኛ ውሃ መድረክ ላይ ስለነበሩ፣ ፈረሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መድረክ መሆኑን የሚናገረው ጫማው ነው።

ታዲያ መሰልቸቱ የማን ነው? የምትጫወታት የኑሬዳ ወይስ የራሷ የፊዮክር? እኔ የፊዮክር ነው ባይ ነኝ። (በ1870 «ኮፔሊያ» በተባለ ሌላ ባሌት የወንዱን፣ የፍራንዝን ቦታ የደነሰችው እሷ ናት። ልዕልት ሆኖ መቀመጥ ቢሰለቻት አልፈርድባትም።)

ችግሩ ቫርኒሹ ነው፤ ሥዕል ካለቀ በኋላ ከላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን። ደጋ ሥዕሉን ሳሎን ለሚባለው የ1868ቱ የፓሪስ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲያደርስ ቫርኒሽ ተቀባ፤ ሲያየው አልወደደውም፤ ይነሳ ሲባል ቀለሙም አብሮ ተነሳ። የዘይት ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠነክር ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል። ሳይጠነክር ቫርኒሽ ከተቀባበት ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ቫርኒሹን ለማንሳት የሚቀባው ማሟሚያም ይህ ቫርኒሽ ነው፣ ያ ቀለም ነው ብሎ አይለይም። ደጋ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ነካክቶታል።

እንግዲህ ያን ደብዘዝ ያለ ፊት፣ ስንት ምሽት ቁጭ ብዬ «መሰልቸት፣ ብቸኝነት» እያልኩ የተነተንኩትን፣ ምን ልበለው? ስለ ሴትዮዋ ነፍስ ሳወራ የከረምኩት ስለ አንድ ጨርቅና ስለ ማሟሚያ ከሆነስ?