ሆንግ ኮንግ ሦስተኛ ዙር፦ ጠዋት ትልቅ ሆቴል፣ ከሰዓት ሰው የማይሄድበት ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለሆቴል ልጆች። ቃል የገባሁትን የሦስተኛውን ዙር ማስታወሻ ይዤ መጥቻለሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን ብዙ የተማርኩበት ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለአዲሶች ባጭሩ፣ እኔ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው፣ ታላቅ እህቴ ደሞ የቻይናዋ ጓንዡ ከተማ እየተመላለሰች ዕቃ ታመጣለች፣ የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ አብሬያት እሄድና እሷ ገበያ ለገበያ ስትዞር እኔ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሆንግ ኮንግ እሻገራለሁ፣ ዌስት ካውሉን ጣቢያ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትልልቅ ሆቴሎችን ማየት፣ ታሪካቸውን መፈለግ፣ ሰራተኞቹ እንዴት እንደሚሰሩ መመልከት ሱሴ ሆኗል።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ፎቶ ማንሳት ብቻ ነበር። ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ዳር ቆሜ የፎቆቹን የመብራት ትርዒት አየሁ፣ ሕንፃ በሕንፃ ቀረጽኩ፣ መጣሁ። ከዛ አንድ ቀን ከሆንግ ኮንግ የመጡ እንግዳ ቼክ ኢን እያደረግኩላቸው ሀገርዎን አይቼዋለሁ ስላቸው ደስ ብሏቸው የትኛውን ሰፈር ወደድሽው አሉኝ፣ ከመብራቱ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እሱ ነገር ውስጤ ቀረ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አንድ ደንብ አወጣሁ፣ በቀን አንድ ትልቅ ሆቴል፣ ከዛ በዛው ቀን ቱሪስት የማይበዛበት አንድ ቦታ፣ ሁለቱም ታሪካቸውን አንብቤ።

በዚህኛው ዙር መጀመሪያ የሄድኩት ፔኒንሱላ ሆቴል ነው፣ ጺም ሻ ጹይ የሚባለው ሰፈር፣ ወደቡ አጠገብ። በፈረንጆቹ 1928 ነው የተከፈተው፣ ያኔ ፊት ለፊቱ የባቡር ጣቢያው ነበር፣ በመርከብ የመጣውም በባቡር የመጣውም ሻንጣውን አሸክሞ በእግሩ የሚገባበት ማለት ነው። ጣቢያው በ1978 ፈረሰ፣ አሁን የቀረው በ1915 የተሰራው የሰዓት ማማ ብቻ ነው፣ 44 ሜትር ቁመት አለው፣ ብዙ ሰው ስሩ ቁጭ ብሎ ሰልፊ ይነሳል እንጂ የምን ማማ እንደሆነ አይጠይቅም። ከዛ በሆቴሉና በባህሩ መሀል ሙዚየምና የባህል ማዕከል ተሰራና እይታው ተሸፈነ፣ ሆቴሉ ደሞ በ1994 ከኋላው 30 ፎቅ ታወር ጨመረ፣ አሁን ባህሩን የሚፈልግ እንግዳ ላይኛው ፎቅ ይይዛል።

እኔ ግን በሩ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። ነጭ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ትንሽ ክብ ቆብ ያደረጉ በር ከፋች ልጆች አሉ፣ በሮቹ ላይ ደሞ የቻይና የበር ጠባቂ አማልክት ተስለዋል። ልጁን እያየሁት ነበር፣ እንግዳው ገና ከመኪናው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው እጁ እጀታው ላይ ነው፣ ግን አይከፍትም፣ ዓይኑ የእንግዳው እግር ላይ ነው፣ እንግዳው ፈጠን ካለ እሱም ፈጠን፣ ሽማግሌ ከሆኑ ዝግ ይላል፣ አንድም ሰው በሩ ጋ ደርሶ ሲቆም አላየሁም፣ አንድም ሰው ደሞ በሩ ቀድሞ ተከፍቶ ሲሮጥ አላየሁም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ይሄን ብቻ አየሁ። አሁን ሥራ ቦታ እንግዳ ከበር ሲገባ ከኮምፒውተሩ ቀና የምለው ዴስኩ ጋ ሲደርስ ሳይሆን መንገድ ላይ እያለ ነው፣ ሱፐርቫይዘሬም አስተውላዋለች።

ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሎቢው ውስጥ ሻይ ይጀመራል፣ ሰልፍ አለው። እህቴም ያን ቀን ነፃ ስለነበረች አብራኝ መጣችና የሁለት ሰው አዘዝን፣ ባለ ሦስት ደርብ ሳህን፣ ታች ስኮን የሚባለው ትንሽ ዳቦ መሀል ሳንድዊች ላይ ጣፋጭ፣ ሙዚቀኞቹ ከላይ ከሰገነቱ ላይ ይጫወታሉ። ውድ ነው አልዋሻችሁም፣ ሂሳቡ ላይም 10 በመቶ የሰርቪስ ይጨመራል ያንን አስቡ፣ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብላችሁ አገልግሎቱን የምታዩበት ክፍያ ነው ብዬ ነው የማየው፣ ለሆቴል ሰው ኮርስ ነው። የሙቅ ውሃው ማንቆርቆሪያ ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ እኛ ደሞ አንድም ጊዜ አልተጣራንም።

አሁን ልብ በሉልኝ። እዚህ ሆቴል ውስጥ ነው በ1941 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ሆንግ ኮንግን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዙ ገዢ ማርክ ያንግ ለጃፓኖች እጁን የሰጠው። ይሄን እያሰብኩ ከዛ ወጥቼ በሜትሮ ወደ ሻም ሹይ ፖ ሄድኩ፣ ጥቂት ጣቢያ ነው፣ እዛ ደሞ ሌላ የገና ታሪክ አለ። በ1953 በገና ሌሊት ሼክ ኪፕ ሜይ የሚባለው የጎጆ ሰፈር ተቃጠለ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ቤት አልባ ሆነ፣ አብዛኞቹ ከዋናው ቻይና የተሰደዱ ነበሩ። ከዛ በኋላ ነው መንግሥት ኮንዶሚኒየም ብለን የምንጠራውን ዓይነት ነገር መስራት የጀመረው፣ እስከዛሬ ያለው የሆንግ ኮንግ የመንግሥት ቤት ፕሮግራም ከዛ እሳት የመጣ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ሜይ ሆ ሀውስ ይባላል፣ 1954 የተሰራ፣ አሁን ከ2013 ጀምሮ ሆስቴል ሆኗል፣ ውስጡ ሙዚየም አለው፣ መግቢያው ነፃ።

ሙዚየሙ ውስጥ የድሮዎቹን ክፍሎች እንደነበሩ አድርገው ሰርተዋቸዋል። አንድ ክፍል 11 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ለአምስት ሰው። ተደራራቢ አልጋ፣ አልጋው ስር ሻንጣ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ልብስ፣ በሩ ጋ ደሞ ቡታ ጋዝ። ቡታ ጋዙን ሳየው እናቴ ልጅ እያለን ታበስልበት የነበረው ነው የመሰለኝ፣ ያንኑ ክብ ክሩን የሚያወጣ ጎማ የመሰለ መዘውር አለው። ኩሽና ስላልነበረ ሁሉም ሰው ኮሪደሩ ላይ በሩ ፊት ለፊት ነበር የሚያበስለው፣ ውሃና ሽንት ቤት የጋራ፣ የሕንፃው መሀል ላይ። ከፔኒንሱላ ሎቢ ምሰሶዎች በቀጥታ እዚህ ስትመጡ ከተማው በሁለት እግሩ እንዴት እንደቆመ ይገባችኋል፣ ያንን ሳህን ያጠበው ያንን አንሶላ የተኮሰው ሰው ማታ ሥራውን ጨርሶ የሚገባው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ እንደ ሆቴል ሰራተኛ ይሄንን ሳላይ የሆቴሉን ታሪክ አውቃለሁ ማለት አልችልም።

ከዛ ብዙም ሳይርቅ ሌይ ቼንግ ኡክ የሚባል ቦታ አለ። በ1955 ለነዚሁ ቤቶች ኮረብታ ሲደለድሉ ሰራተኞች መቃብር አገኙ፣ ሃን የሚባለው የቻይና ነገሥታት ዘመን፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ፣ በጡብ የተሰራ፣ ክፍሎቹ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው። በመስታወት ነው የሚታየው፣ እኔ በሄድኩበት ሰዓት ከኔ ሌላ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። በአካባቢው የአዝራር የዚፕና የጨርቅ ሱቅ ተደርድሯል፣ ልብስ የምትሰፉ ይሄን ሰፈር ያዙት፣ እህቴ ሳልነግራት ስለቀረሁ ተቆጥታኛለች።

ሪትዝ ካርልተን ሆቴልን ባጭሩ ልለፈው። አይ ሲ ሲ የሚባለው 484 ሜትር ሕንፃ ላይ ከ102ኛ እስከ 118ኛ ፎቅ ነው ያለው፣ የላይኛው ፎቅ ላይ ባር አለ። በኛ ሚያዝያ ነው የሄድኩት፣ ደመናው ከታች ስለነበር መስኮቱ ነጭ ብቻ ነበር። የፀደይ ጊዜ እዛ ጭጋግ ይበዛል፣ ለእይታ ከሆነ የምትሄዱት በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ አድርጉት፣ ሰማዩ ጥርት የሚለው ያኔ ነው።

የመጨረሻውን ቀን ለታይ ኦ ሰጠሁት፣ ለኔ የዚህ ዙር ምርጥ ቀን። ላንታው ደሴት ላይ ነው፣ በሜትሮ ቱንግ ቹንግ ድረስ ከዛ በ11 ቁጥር አውቶቡስ ሃምሳ ደቂቃ አካባቢ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሚያስመልሳችሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፣ ቤቶቹ ውሃ ላይ በእንጨት እግር የቆሙ፣ የሽሪምፕ ድልህ በትልልቅ ክብ ሰፌድ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ሽታው ከአውቶቡስ ሳትወርዱ ይቀበላችኋል። መንደሩን አልፋችሁ እስከ መጨረሻው ስትሄዱ ጉብታው ላይ ነጭ ሕንፃ አለ፣ በ1902 የተሰራ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፣ የባህር ወንበዴ ለመከላከል፣ በ2012 ሆቴል ሆነ። 9 ክፍል ብቻ ነው ያለው። የጥይት ቀዳዳ ያለበት የብረት መስኮት መዝጊያ እንዳለ ትተውታል፣ እስር ቤቱም አለ፣ መድፉም አለ። ክፍል ለመያዝ አልቻልኩም ግን ላይ ያለው ሬስቶራንት ሻይ ጠጥቼ በረንዳው ላይ እስኪመሽ ቆየሁ። 9 ክፍል ያለው ሆቴል እንግዳውን ሁሉ በስም ነው የሚያውቀው፣ አስተናጋጇ ትናንት ምን እንዳዘዙ እያስታወሰች ስታወራቸው ሰማሁ፣ እኛ ጋም ጎንደርና ሐረር ያሉ የድሮ ቤቶች እንዲህ ቢሆኑ እያልኩ ነው የተመለስኩት፣ አሁንም እያሰብኩት ነው።

በመሀል በመሀል የወደቡን መሻገሪያ ሁሉ ስታር ፌሪ በሚባለው ጀልባ ነው ያደረግኩት፣ ከ10 የሆንግ ኮንግ ዶላር በታች ነው፣ የወንበሩ መደገፊያ ወዲያና ወዲህ ስለሚገለበጥ ፊታችሁን ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ታዞራላችሁ። ኦክቶፐስ የሚባለው የመክፈያ ካርድ ካላችሁ ለአብዛኛው ትራንስፖርት ይሰራል።

ቋንቋም ትንሽ ተሻሽያለሁ። አገልግሎት ሲሰጧችሁ ምጎይ ነው የሚባለው፣ ስጦታ ሲሰጧችሁ ደሞ ዶጄ፣ ሁለቱም አመሰግናለሁ ነው ግን አይቀያየሩም። በሁለተኛው ዙር ሁሉንም ዶጄ እል ነበር፣ የሻይ ቤት ሴትዮ ናት በትዕግስት ያረመችኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከጓንዡ ለምትሻገሩ። ከቻይና ወደ ሆንግ ኮንግ መግባት ከቻይና እንደመውጣት ነው የሚቆጠረው፣ ቪዛችሁ ባለ አንድ መግቢያ ከሆነ መመለሻ የላችሁም። በመጀመሪያው ዙር ይሄን ሳላጣራ ገብቼ ሻንጣዬ ጓንዡ እህቴ ጋ ቀርቶ በቀጥታ ከሆንግ ኮንግ ነው የተመለስኩት። ባለ ሁለት መግቢያ ጠይቁ፣ የሆንግ ኮንግን የመግቢያ ሁኔታም ለብቻው አጣሩ፣ የቻይና ቪዛ እዛ አይሰራም።

ለአራተኛው ዙር ያሰብኩት ዪም ቲን ጻይ ነው፣ ከሳይ ኩንግ በጀልባ የሚሄዱበት ትንሽ ደሴት፣ ድሮ ጨው የሚያመርቱ ሃካ የሚባሉ ቻይናውያን ካቶሊኮች መንደር፣ በ1890 የተሰራ ቤተ ክርስቲያን አላቸው፣ የጨው ማሳውንም መልሰው አድሰውታል። የዛን ጠዋት ደሞ ማንዳሪን ኦሪየንታል ሆቴል፣ የ1963ቱ። ማደሪያዬ ሜይ ሆ ሀውስ።