ቅዳሜ ጢያ ነን

ቅዳሜ ጢያ ልንሄድ ነው፤ እኔ፣ አባዬና ታናሽ ወንድሜ። መኪናው የወንድሜ ነው። የጉዞውን እቅድ ግን ለእኔ ጥለውታል። ደስ ብሎኛል። ሰሞኑን ከሥራ ገብቼ እራት እንደበላሁ ካርታ ላይ አፍጥጬ ነው የማመሸው።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የቡታጅራን መንገድ ገና ጠጠር ሳለ ጀምሮ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኖ ይወርዳል፤ ሲመለስ በርበሬ ይዞ ይመጣል። የማረቆን በርበሬ በሽታው ብቻ እለያለሁ ይል ነበር። ጢያን ስንት ጊዜ እንዳለፋት እግዜር ይወቀው። ከከተማዋ ገባ ብለው የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ግን አንድም ቀን ወርዶ አላያቸውም። «ጭነት ይዘህ የት ትቆማለህ?» ይላል። እኔም እንዲህ እያለ ሲያወራ ነው ያደግኩት። ዘንድሮ ይበቃል አልኩ። ጭነት የለም፣ የሚያስቸኩል የለም፣ ሄደን እናያቸዋለን።

በእነሱ ጊዜ ሾፌሩ ሁሉ «የግራኝ ድንጋይ» ነበር የሚላቸው። የአካባቢውም ሰው እንደዚያ ይላል። በአፈ ታሪኩ የተከላቸው ግራኝ አህመድ ነው። ትናንት ማታ ቡና እየጠጣን ይህንኑ ሲያነሳ፣ ያነበብኩትን ነገርኩት። የጥናት ሰዎች ድንጋዮቹን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ግራኝ አህመድ ደግሞ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። እሱ በዚያ ሲያልፍ ድንጋዮቹ ቆመው ነበር ማለት ነው። አባዬ ሲኒውን አስቀመጠና «ታዲያ የማን ናቸው?» አለኝ።

የተከሏቸው ሰዎች አንድም ጽሑፍ አልተዉም። የተዉት ቅርጽ ነው። ጢያ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ጎልቶ የሚታየው ጎራዴ ነው፤ አንዳንዱ ላይ አንድ፣ አንዳንዱ ላይ ብዙ ጎራዴ ተደርድሯል። ክብ ክብ ምልክትም አለ። ከሥሩ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጣ ተክል የሚመስል አለ። ፎቶውን በስልኬ አጉልቼ ለአባዬ ሳሳየው «ይሄማ እንሰት ነው» አለ፣ ምንም ሳይጠራጠር። በዚያ መንገድ ዳርና ዳር እንሰት ሲያይ ለኖረ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔም ልከራከረው አልፈለግኩም። ቅዳሜ ራሱ ፊት ለፊት አይቶ ይፍረድ።

ከዚያ ከድንጋዮቹ ሥር ስለተገኘው ነገር ነገርኩት። ፈረንሳዮች መርተውት በተደረገ ቁፋሮ የሰው አጽም ተገኝቷል፤ እንደተኮራመቱ ነው የተቀበሩት። ወንድም ሴትም አለበት። ዕድሜያቸው ደግሞ ከ18 እስከ 30 ነው ይባላል። አባዬ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ልጆች ናቸው እኮ» አለ። ቀጥሎ የተናገረው የጉዞውን እቅድ በሙሉ ቀየረብኝ። «እንግዲያው ሽርሽር አይደለም የምንሄደው፤ መቃብር ነው። መቃብር ደግሞ ደርሶ እብስ አይባልም።»

እስከዚያ ድረስ የያዝኩት እቅድ ሌላ ነበር። ብዙ አስጎብኚዎች እንደሚያደርጉት ሦስት ቦታ በአንድ ቀን ልናዳርስ ነበር፤ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ። ሦስቱም በአንድ መስመር ስላሉ ያጓጓል። አሁን መልካ ቁንጡሬን አውጥቼዋለሁ። ያልወደድኩት ሆኖ አይደለም። ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አቅራቢያው ካለው ባልጭት ከሚባል ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። በሩጫ የሚታይ አይደለም፤ ለብቻው ቀን ይገባዋል። ቅዳሜ አዋሽን ስንሻገር ከድልድዩ ላይ ሰላም ብለነው እናልፋለን።

አዳዲ ማርያምን ግን ማስቀረት አልተቻለም። አባዬ ስሟን ሲሰማ «እሷን ሳልሳለም?» አለ፣ አለቀ። ላሊበላ እንዳሉት ከአለት የተፈለፈለች ናት። በትውፊትም የምትሰጠው ለንጉሥ ላሊበላ ነው። ከዋናው መንገድ ገንጠል ብሎ የሚወስደው ፒስታ ነው፤ ክረምት ከሆነ ጭቃ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከመሬት ዝቅ ብላ ስለሆነ ያለችው ወርዶ መግባት አለ። የአባዬ ጉልበት ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ስንመለስ፣ ቀስ ብለን። ምርኩዙን አልይዝም ቢልም መኪናው ውስጥ እከተዋለሁ።

ቀኑን የመረጥነው በብዙ ክርክር ነው። በመስቀል ሰሞን ያ መንገድ አይሞከርም፤ ጉራጌ በሙሉ አገሩ የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ መኪናው በመኪና ላይ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ማሳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አቧራው አልተነሳም። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፤ አባዬ ይጾማል። ጉራጌ አገር ደርሶ ክትፎ ሳይቀምሱ መመለስ ደግሞ ወንድሜ የሚሰማው ነገር አይደለም። እሑድ ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ቀረ።

ሰዓቱ ላይ ግን አልተደራደርኩም። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት እንወጣለን። ዓለም ገና ላይ የጅማን መንገድ ትተን ወደ ግራ ነው። ጢያ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ መንገድ ካልተዘጋጋ 2 ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ወንድሜ «ድንጋዩ የት ይሄዳል? ረፍዶ አይደርስም?» ብሎ ነበር። የቸኮልኩት ለብርሃኑ ነው። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነገር የሚታየው በጥላው ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ይጠፋል፤ ጎራዴውም ክቡም ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል። ጠዋት ከጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ጠርዝ ይወጣል። የአባዬ ዓይን እንደ ዱሮው ስላልሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ ነው የምናመጣው፤ በደንብ ይይ።

ወንድሜን አንድ ነገር ለምኜዋለሁ። ድንጋዮቹን ተደግፎ ፎቶ እንዳይነሳ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ቢሆንም እኔ አይዋጥልኝም። አንዳንዶቹ ዘመም ብለዋል፤ የቅርጹ ጠርዝ በእጅ ብዛት ያልቃል። ደግሞም ከሥር ሰው አለ። በአያታችን መቃብር ላይ ሲደገፉ ብናይ ዝም አንልም ነበር።

የሚያሳዝነኝ ሌላም አለ። ሐውልት ሲባል ሁላችንም አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አክሱም ነው፤ ይገባዋል። ግን ጢያም እኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ የመዘገባት ናት፤ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት። ጢያ ባለችበት በሶዶ አካባቢ ብቻ ትክል ድንጋይ ያለባቸው ወደ 160 የሚጠጉ ቦታዎች አሉ። ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ጠዋት ወጥተው ማታ ቤት የሚገቡበት ርቀት ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ቅዳሜ የት እንደምሄድ ስናገር ግን ግማሹ ሰው «ጢያ የት ነው?» ብሎኛል። ሰኞ ፎቶ ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ለመግቢያና ለአስጎብኚ ጥሬ ብር ይዣለሁ። አስጎብኚ ከዚያው ካሉ ልጆች እንይዛለን፤ አባዬ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ጃንጥላ ለፀሐይ፣ ውሃ፣ ለመንገድ ዳቦ። ምሳ ቡኢ ድረስ ዝቅ ብለን ክትፎ በቆጮ፤ ወንድሜ 12 ሰዓት ላይ ለመነሳት የተስማማው በዚህ ነው። ከምሳ በኋላ ተመልሰን አዳዲ፣ ከዚያ ቤት።

የቀረኝ የአዳዲ ፒስታ ነው። ሰሞኑን ዝናብ ጥሎ ከሆነ የወንድሜ መኪና ዝቅ ያለች ስለሆነች አትወጣውም። አባዬ ያንን መስመር አሁንም የሚሠራ የድሮ ረዳቱን ዓርብ ማታ ሊደውልለት ነው።