ሙቀቱን የቻለ፣ ካውያውን ያልቻለ ሱሪ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ የረዘመው አንድ ጠበቃ ደንበኛችን ባመጡት ሱሪ የተነሣው ነው። ሱፍና ሞሄር የሚባለው የፍየል ጸጉር ከተቀላቀሉበት ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ እኛው ዘንድ የተሰፋ ሙሉ ልብስ ነበር። ኮቱ ገና አዲስ ይመስላል፤ ሱሪው ግን በቀኝ እግሩ፣ ከጉልበት በታች፣ በካውያ የሚወጣውን የፊት መስመር ተከትሎ ተሰንጥቋል። ጠበቃው ሱሪውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለዋናው ሰፊያችን፣ “ጋሼ፣ የሸጡልኝ ጨርቅ ወይ የበሰበሰ ነው፣ ወይ ደግሞ ሞሄር ተብሎ የተሰጠኝ ፖሊስተር ነው” አሉ።

ጋሼ ከሁለቱ ክሶች ቀለል ያለውን አስቀደሙ። ለእንዲህ ያለ ቀን ከምናስቀምጠው ቁራጭ ላይ አንድ የድር፣ አንድ የማግ ክር መዘው በክብሪት ለኮሱ። ሁለቱም እንደተቃጠለ ጸጉር ሸተቱ፤ ከእሳቱ ራቅ ሲደረጉ በራሳቸው ጠፉ፤ የቀረውም አመድ በጣት መካከል ደቀቀ። ፖሊስተር ቢሆን ኖሮ ቀልጦ፣ ሲቀዘቅዝ በጣት የማይፈረፈር ጠንካራ እንክብል ይተው ነበር። ሆኖም ይህ ፈተና ፖሊስተርን ያጋልጥ እንደሆነ እንጂ ሞሄርን ከበግ ሱፍ አይለይም፤ ሁለቱም የእንስሳ ጸጉር ናቸውና የሚቃጠሉት በአንድ ዓይነት ነው። (አንዳንድ ነጋዴ ክብሪት ጭሮ “ይኸው፣ ንጹሕ ሞሄር!” ሲል ደንበኛ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።) ስለዚህ ጋሼ የማጉን ክር ፈትለው በተኑት። የድሩ ጸጉር አጠር ያለና የተሸበሸበ ሲሆን የማጉ ግን ረጅም፣ ቀጥ ያለና የሚያብለጨልጭ ነበር። በቁራጩ ጠርዝ ላይ ተሸምኖ የሚነበበውም 55 ከመቶ ሱፍ፣ 45 ከመቶ ሞሄር ይላል።

የመበስበሱ ክስ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ጋሼ የሱሪውን መቀመጫ በሁለት እጃቸው ይዘው በኃይል ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም። ሱሪ ከሁሉም ይልቅ የሚፈተገው መቀመጫው ላይ ስለሆነ ጨርቁ የበሰበሰ ቢሆን መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነበር። ቀጥለው ያልተሰነጠቀውን ግራ እግር በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉትና መስመሩን በጥፍራቸው ተከተሉ፤ እዚያም የማጉ ክሮች አንድ በአንድ መበጠስ ጀምረዋል። መስመሩ እየደበዘዘ በሚጠፋበት ጭኑ አካባቢ ግን ጨርቁ ደህና ነው። ጠበቃው እንደ ልማዳቸው መስቀለኛ ጥያቄ አነሡ፤ “ታዲያ ኮቱ ለምን አልተሰነጠቀም?” ጋሼ የኮቱን ኮሌታ ገለበጥ አድርገው አሳዩአቸው። በጥሩ ስፌት ኮሌታ ዞር ብሎ ይተኛል እንጂ በካውያ ተደፍጥጦ አይታጠፍም። ከዚያም ሱሪውን የት እንደሚያሳጥቡ ሲጠይቋቸው የአንድ ላውንደሪ ነገር ወጣ። ፍርድ ቤት በገቡ ቁጥር ልብሱ ወደዚያ ይላካል፤ እዚያም ሱሪውን በጋለ ማሽን እየተጫኑ፣ ያንኑ መስመር እያሰሉ ይመልሱላቸዋል።

ሞሄር የአንጎራ ፍየል ጸጉር ነው። ፍየሉ የመጣው በቱርክ ከአንካራ አካባቢ ሲሆን ዛሬ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ ከደቡብ አፍሪካ ይወጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሸለታል፤ የግልገሉ ጸጉር ወደ 25 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚቀጥን ሲሆን ያረጀው ፍየል ግን 40 ማይክሮን ሊደርስ ይችላል። የበግ ሱፍ ጸጉር በላዩ የተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት፤ የሞሄር ቅርፊቶች ግን ስስና የተለጠፉ በመሆናቸው ላዩ ለስላሳ ነው። ማብለጭለጩም፣ አቧራ ቶሎ የማይዘው መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው። ጸጉሩ ስፕሪንግነት ስላለው ጨርቁን ጨምድደው ሲለቁት ወዲያው ይዘረጋል። ጠጠር ስለሚልም ገላ ላይ አይለጠፍም፤ ሳሳ ተደርጎ በተራ ሽመና ሲሠራ በመካከሉ አየር ያልፋል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በድሬ፣ ኮት ማውለቅ ለማይችል ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ጨርቅ እኔ አላውቅም። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ በሆነው በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ያሉ የሙያ ጓደኞቻችን ግን በዚህ አይስማሙም፤ ምሽቱ ቀዝቀዝ ለሚለው አገራቸው ንጹሕ ሱፍ ይበልጣል ባይ ናቸው፤ ለእነሱ ልክ ነው።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከጥንካሬው ነው። ሱፍ ሲታጠፍ ይለዝባል፤ ሞሄር ግን ተመልሶ ሊቃና ይታገላል። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፍና ሲቃና ውሎ እንደሚሰበር፣ የሞሄሩም ጸጉር በደረቅ ሙቀት በተሳለው እጥፋት ላይ በየጊዜው እየተሰበረ ይሄዳል፤ የሞሄሩ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ይህን ጠባዩን እኛ ቀደም ብለን ያየነው በእጅጌ ላይ ነው። የእጅጌ አናት ከትከሻው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ትርፉ በእንፋሎት እየተሰበሰበ ይገባል። ሱፍ ሲሆን እንፋሎቱን ጠጥቶ ይኮማተራል፤ ትርፉ የት እንደገባ እንኳ አይታይም። ሞሄር ሲበዛበት ግን ጨርቁ እንፋሎቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የተሰበሰበው ሁሉ ትከሻ ላይ ሽብሽብ ሆኖ ይቀራል፤ ካውያ ሲደጋገምበት ደግሞ ሽብሽቡ ሳይጠፋ ላዩ ብቻ ያብረቀርቃል። በዚህ ምክንያት ጋሼ ለሞሄር የሚቆርጡት እጅጌ አናቱ ጠበብ ያለ ነው፤ ትርፉን ለእንፋሎት ከመተው በመቀስ ይጨርሱታል። አዲስ ለሚገቡ ልጆች ከሁሉ የሚከብዳቸው ይህ ነው፤ በሱፍ የለመደ እጅ ካውያው ሁሉን ያስተካክላል ብሎ ያምናልና።

ጠበቃው ይህን ሁሉ ሰምተው፣ “እንግዲያው ሲያስረክቡኝ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር” አሉ፤ ጋሼም፣ “እውነት ነው፣ በዚህ አልከራከርዎትም” ብለው መለሱ። የተሰነጠቀውን መልሶ መጠገን አይቻልም፤ ስፌቱ መስመሩ ላይ ስለሚውል ከሩቅ ይታያል። ደግነቱ የዚያው ጣቃ ትራፊ ለአንድ ሱሪ የሚበቃ ነበር። ከኮቱ ጎን ስናደርገው የቀለሙ ልዩነት የሚታወቀው ለእኛ ለሰፊዎቹ ብቻ ነው። የጨርቁን ዋጋ ጠበቃው፣ የስፌቱን ድካም ቤቱ ቻለ። አዲሱን ሱሪ ስንሰጣቸው ማሽን እንዳይነካው፣ መስመሩም እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት በቀስታ ብቻ እንዲተኮስ፣ ከለበሱትም በኋላ አየር ላይ ሰቅለው እንዲያሳድሩት ነገርናቸው፤ ሽብሽቡ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ካውያ ይለቃልና። ከዚያ ወዲህ ሞሄር የበዛበት ጨርቅ ለሚያሰፋ ደንበኛ ሁሉ ለሁለተኛ ሱሪ የሚሆን 1 ሜትር ከ20 ጨምሮ እንዲገዛ እንመክራለን፤ ሙሉ ልብስ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው ነው፤ ያው ጣቃ ደግሞ ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ ስለመገኘቱ ማንም ዋስ አይሆንም።